የሰፈሩ ሜዳ ካርታ በማን እጅ ነው? የልጆች መጫወቻና የአዲስ አበባ የአካባቢ ዕቅድ

እኔ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር አራት ሕንፃዎች በጀርባቸው የሚጋሩት አንድ ግቢ አለ። ቤቶቹ ለባለዕጣዎች በተላለፉበት ጊዜ በግቢው መካከል ዥዋዥዌ፣ የብረት ሸርተቴና አሸዋ የተሞላበት አራት ማዕዘን መደብ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ የቀሩት የዥዋዥዌው ሁለት ቋሚ ብረቶችና አግዳሚው ብቻ ናቸው፤ ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ወዲህ የቀጠለው ሰው ስላልነበረ ነዋሪው ልብስ ያሰጣበታል። የአሸዋው መደብ በኮንክሪት ተደፍኖ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ዓምና በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ሴት ልጆች ሱዚ ሲዘሉ አየሁ። ሱዚ ሁለት ሰው ወጥሮ ይዞ ሦስተኛዋ የምትዘልበት ጨዋታ ነው፤ እነርሱ ግን ሁለት ብቻ ስለነበሩ የገመዱን አንድ ጫፍ ከቆመ መኪና መከላከያ ጋር አስረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባለመኪናው ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ጮኸባቸውና ገመዳቸውን ፈትተው ወደ ደረጃው ገቡ።

ይህን የማነሣው ጎረቤቴን ለመውቀስ አይደለም። መኪናውን የሚያቆምበት ሌላ ስፍራ የለውም፤ የጥበቃውንም ክፍያ በየወሩ ይከፍላል። ነገር ግን ‹ግቢው የማን ነው?› ተብሎ ቢጠየቅ እርሱ የሚያሳየው ደረሰኝ አለው፤ ልጆቹ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። የልጆች መጫወቻ ቦታ ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ወይም የመሬት እጥረት ተደርጎ ይቀርባል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የሰነድ ችግር ነው ባይ ነኝ። በከተማችን ቤት ካርታ አለው፤ ሱቅ ካርታ አለው፤ ቤተ እምነትም ካርታ አለው። የሰፈር ልጆች ለዓመታት ኳስ ሲጠልዙበት የኖሩት ሜዳ ግን በአብዛኛው ካርታ የለውም፤ ካርታ የሌለው መሬት ደግሞ በመዝገብ ቤት ዓይን ባዶ መሬት ነው።

‹ባዶ ቦታ› የሚለው አነጋገራችን ራሱ ብዙ ጥፋት አድርሷል። ከትምህርት ቤት መልስ አርባና ሃምሳ ልጅ የሚውልበት፣ ማለዳ ላይ ወጣቶች ስፖርት የሚሠሩበት፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚጣልበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት መሬት በየሰዓቱ ሥራ ላይ ነው፤ ሥራው ገቢ ስለማያስገባ ግን ባዶ ይባላል። እንዲህ ያለ ሜዳ በአንድ ቀን አይወሰድም። መጀመሪያ በአቅራቢያው ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋና ድንጋይ ‹ለጊዜው› ያወርድበታል። ቀጥሎ በአንዱ ጥግ የኮንቴይነር ሱቅ ይቀመጣል፤ ከዚያ ለተደራጁ ወጣቶች የመኪና እጥበት ይፈቀዳል። የሥራ ዕድል መፍጠር መልካም ነገር ስለሆነ ‹የልጆቹ ሜዳ ነው› ብሎ የሚቃወም ሰው ክፉ መስሎ እንዳይታይ ይሰጋል። በመጨረሻ ቆርቆሮ አጥር ይዞራል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ውሳኔ የሰጠው ሰው በቅን ልቦና የሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሜዳው መጥፋቱን ‹አዎን፣ ይጥፋ› ብሎ የወሰነ አንድም አካል አይገኝም።

ጃንሜዳ ይህን በትልቁ ያሳየናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በመሃል ከተማ ተጨናንቆ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሰዎችን ከበሽታ ለመጠበቅ የተወሰደ የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃ ስለነበር ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። የሚያስተምረው ግን መመለሱ ነው። ስፖርተኞች የሚለማመዱበትና የአካባቢው ወጣቶች የሚጫወቱበት ሜዳ ወራትን በገበያነት ከቆየ በኋላ ገበያው ተነሥቶ ቦታው የጸዳው የ2013 ጥምቀት በቀረበ ጊዜ ነው። ጥምቀት የማይዛወር ቀን አለው፤ ከጀርባውም የሚጠይቅ ሕዝብ አለ። የሰፈር ልጆች ጨዋታ ቀን የለውም፤ ስለ እርሱ ደብዳቤ የሚጽፍ ጽሕፈት ቤትም የለም። በየመንደሩ ‹ለጊዜው› የተያዙ ትንንሽ ሜዳዎች ሳይመለሱ የሚቀሩትም ለዚህ ነው።

ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ ለመናፈሻ የተሰጠው ትኩረት ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ነው፤ ይህንን መካድ አይገባም። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ተከፈተ፤ ወዳጅነት ፓርክ በ2013 አዲስ ዓመት ሰሞን፣ እንጦጦ ፓርክም በዚያው ወቅት ተከተሉ፤ መስቀል አደባባይ በሰኔ 2013 በአዲስ መልክ ተመረቀ። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻን የማልማት ዕቅድ ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ በግንቦት 2011 ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የገበታ ለሸገር እራት የተዘጋጀውም ለዚሁ ገቢ ለማሰባሰብ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ አረንጓዴ ስፍራና በአንዳንድ ቦታ የልጆች መጫወቻ ይዞ መጥቷል። በበዓል ቀን እነዚህን ቦታዎች የጎበኘ ሰው ሕዝቡ ለእንዲህ ያለ ነገር ምን ያህል ተርቦ እንደነበር ይረዳል።

ሆኖም ትልቅ መናፈሻና የሰፈር መጫወቻ የሚያሟሉት ፍላጎት የተለያየ ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር ቤተሰብ እንጦጦ ለመውጣት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት። የአራት ሰው የታክሲ ክፍያ፣ መግቢያ፣ ምግብና የቀኑ ድካም ሲደመር ጉዞው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚደረግ የቤተሰብ በዓል ይሆናል። ልጅ ግን የሚጫወተው በየቀኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል፤ ይህ ስልሳ ደቂቃ የሚገኘው በገና ዕረፍት ወደ ፓርክ በመሄድ ሳይሆን በአዘቦት ቀን ከቤት ሥራና ከእራት መካከል ባለችው ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ለልጁ የሚያገለግለው በእግሩ ብቻውን ሄዶ ሊመለስበት የሚችል ስፍራ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጫወቻ ዕቅድ መለኪያ መሆን ያለበት ስፋት ሳይሆን ርቀት ነው። የከተማ ደን ተመራማሪው ሴሲል ኮናይነንዳይክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ያቀረቡትና ብዙ ከተሞች እየተቀበሉት ያለው ‹3-30-300› የሚባል መመሪያ ማንኛውም ሰው ከቤቱ ሦስት ዛፍ እንዲያይ፣ ሰፈሩ 30 በመቶ በዛፍ ጥላ እንዲሸፈን፣ አረንጓዴ ስፍራም ከ300 ሜትር እንዳይርቅበት ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ለዚህ ከሜትር የተሻለ መለኪያ ያለ ይመስለኛል። እናት ልጇን ሳትሰጋ ሱቅ የምትልክበት ርቀት አለ፤ ዳቦ ገዝቶ እስኪመለስ ድረስ ወጥ ማማሰሏን የማታቆምበት ርቀት ነው። በመሃሉ የቀለበት መንገድ ካለ፣ ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ ቱቦ ካለ፣ ወይም መብራት የሌለው ጠባብ መተላለፊያ ካለ ርቀቱ መቶ ሜትርም ቢሆን አትልከውም። ባለሙያ በካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ ሲያሠምር ይህን አያየውም፤ የአካባቢው እናቶች ግን ሳይለኩ ያውቁታል።

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን መሬት 40 በመቶ ለግንባታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ መድቧል። አሃዙ ትልቅ ምኞት የያዘ ነው። ነገር ግን 30 በመቶው የእንጦጦን ደን፣ የወንዝ ዳርቻን፣ የከተማ ግብርናንና የመንገድ አካፋይ ሣርን ሁሉ ሊያቅፍ ስለሚችል፣ አንድም ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ሳይጨመር ሊሟላ ይችላል። በመንገድ መሃል የተተከለ አበባ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ አየሩንም ያሻሽላል፤ ልጅ ግን አይረግጠውም። የከተማ ድምር መቶኛ የጀሞን ወይም የአዲሱ ሚካኤልን ሰፈር ሁኔታ አይነግረንም። ሰፈሩን የሚመለከት ጥያቄ መጠየቅ ያለበት በሰፈሩ ልክ ነው፦ በዚህ ቀጠና ካሉት ቤቶች ስንቱ ከመጫወቻ ቦታ በመላላኪያ ርቀት ውስጥ ነው?

ይህ ጥያቄ ሕጋዊ ቦታ የሌለው አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከመዋቅራዊ ፕላን ቀጥሎ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል ደረጃ አስቀምጧል፤ አንድ ሜዳ ሜዳ ሆኖ የሚሣለው ወይም የሚሰረዘው እዚያ ላይ ነው። ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበትም ሕጉ ይሻል። እንዲህ ባለ መድረክ አንድ ጊዜ ተገኝቻለሁ። ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው በአብዛኛው ጡረተኞችና ከወረዳው ጋር የሚሠሩ የኮሚቴ አባላት ስንሆን፣ ልጅ ያላት ወጣት እናት ከሦስት ወይም ከአራት አትበልጥም። ፕላኑ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ታየ፤ ቀለማቱ ተቀላቅለው የራሴን መንገድ እንኳ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ከገበያው ጀርባ ያለው የኳስ ሜዳ በየትኛው ቀለም ውስጥ እንዳለ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ‹እሱ ዝርዝር ነው፤ በአፈጻጸም ይታያል› የሚል ነበር። መልሱን የሰጠው ባለሙያ ትሁት ሰው ነው፤ ዋሽቶኛልም አልልም። ችግሩ ለልጅ ከፕላኑ ሁሉ የሚበልጠው ነገር በዕቅድ አሠራራችን ውስጥ ዝርዝር ተብሎ መጠራቱ ነው።

ዝርዝሩን መነሻ አድርጎ የሠራ ከተማ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አምስተርዳም በተጎዳችበትና ብዙ ሕፃናት በተወለዱበት ዘመን፣ የከተማው የሥራ ክፍል አልዶ ቫን አይክ የሚባል ወጣት አርክቴክት ቀጥሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 በርተልማንፕላይን በተባለች አነስተኛ አደባባይ ላይ የመጀመሪያውን መጫወቻ አሠራ። በኮንክሪት ክፈፍ የታቀፈ የአሸዋ መደብ፣ ለመዝለያ የሚሆኑ ክብ ድንጋዮች፣ ለመገለባበጫ የሚሆኑ የብረት አግዳሚዎችና አግዳሚ ወንበሮች ነበሩት፤ አጥር ግን አልነበረውም። ያዩት የሌላ ሰፈር ነዋሪዎች ‹ለእኛም› እያሉ ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ነዋሪው በአካባቢው ያለውን የቆሻሻ መጣያ፣ የፈረሰ ቤት ቦታ ወይም የመንገድ ጥግ ይጠቁማል፤ ባለሙያው ሄዶ ያያል፤ ቦታው ከተፈቀደ በዚያው ልክ ይነደፋል። በዚህ ዓይነት እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ተሠሩ። እያንዳንዱ አነስተኛና ርካሽ ነበር፤ ዕቃዎቹም ተመሳሳይ ስለነበሩ ጥገናቸው ቀላል ነበር።

ከዚህ የምወስደው ንድፉን ሳይሆን የአሠራሩን አቅጣጫ ነው። ጥያቄው ከሰፈር ወደ ላይ ይሄዳል፤ መልሱ በአንድ መሬት ላይ ይወርዳል። በእኛ አገር አቅጣጫው በአብዛኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ፕሮጀክቱ ከላይ ይመጣና የሚያርፍበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲፈልግም የሚያገኘው ዋና መንገድ ዳር፣ ለጎብኚና ለካሜራ የሚመቸውን ነው። ከኮሪደሩ ኋላ ባሉት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚኖረው ልጅ ያንን መጫወቻ ለመድረስ በቅድሚያ መኪና የሚፈስበትን ጎዳና መሻገር ይጠበቅበታል። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ሕይወታቸው ከሚያልፈው ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን የሚያውቅ ወላጅ ደግሞ ልጁን ይከለክላል፤ መከልከሉም ትክክል ነው።

ልጆች ብንል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለ ሰፈር ሜዳ ስናወራ በአእምሯችን የሚመጣው የወንዶች ኳስ ነው። ሜዳ በተገኘበት ሁሉ ትልልቆቹ ወንዶች መሃሉን ይይዛሉ፤ ትንንሾቹ ከግብ ጀርባ ኳስ ያቀብላሉ፤ ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ፣ ኳስ በማይደርስበት ስድስት ካሬ ሜትር ላይ ሰኞ ማክሰኞ ያሠምራሉ፤ ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ጥጉንም ይተዉታል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ቪየና አሳይታለች። በ1990ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዚያች ከተማ የተካሄደ ጥናት ሴት ልጆች ዘጠኝ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመናፈሻዎች እየጠፉ መሆኑን አገኘ። ከተማው በ1999 አይንዚድለርፓርክንና ብሩኖ ክራይስኪ ፓርክን እንደ አዲስ ሲያደራጅ፣ አንዱን ሰፊ ሜዳ በመንገድና በተክል ከፋፍሎ የመረብ ኳስና የባድሜንተን ቦታ ጨመረበት፤ መብራቱንም አሻሻለ። ሴት ልጆቹ ተመለሱ፤ ወንዶቹም አልተባረሩም።

እዚህ ቢሠራ ምን ይመስላል? መልሱን ከልጆቹ ጨዋታ መቅዳት ይቻላል። ለሱዚ ሁለት አጫጭር ቋሚ እንጨቶች በመጠኑ ተራርቀው ቢተከሉ ሦስተኛ ሰው መፈለግ ወይም መኪና ላይ ማሰር አያስፈልግም። ለሰኞ ማክሰኞ ለስለስ ያለ ንጣፍ በቂ ነው። ብይ ደረቅ አፈርና ትንሽ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መሬቱ ሁሉ በቴራዞና በኮብልስቶን መሸፈን የለበትም። ድብብቆሽ መደበቂያ ይሻል፤ ግንዱ ወፈር ያለ ዛፍና ከወገብ ያልበለጠ ግድግዳ ያገለግሉታል፤ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ሁሉንም አሻግሮ ማየት እንዲችል ግን ከዚያ መብለጥ የለበትም። ዕቃ ዕቃ ለሚጫወቱት ጥላና ጥግ ያስፈልጋቸዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ እንዲገባ መግቢያው ላይ ደረጃ መኖር የለበትም። ከእነዚህ ውስጥ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አንድም ነገር የለም፤ ብረት በያጁም አናጢውም ከሰፈሩ አይጠፋም። ከውጭ የመጣው ባለቀለም ፕላስቲክ ሸርተቴ ግን አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ መለዋወጫ ስለማይገኝለት ስለቱ ልጅ እየቧጨረ ይቀመጣል።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ጥገናው ነው፤ የሰፈር መጫወቻዎች የሚሞቱትም በዚህ ነው። መጫወቻ ሲሠራ ወጪው ከካፒታል በጀት ይወጣል፤ ምረቃ አለው፤ ሪባን አለው። ሰንሰለት ሲበጠስ ግን ወጪው የመደበኛ በጀት ይሆናል፤ በወረዳው መደበኛ በጀት ውስጥ ደግሞ ‹የመጫወቻ ቦታ ጥገና› የሚል ርዕስ ከሌለ ገንዘብ ያዡ ቢፈልግም ክፍያ መፈጸም አይችልም። በእኛ ግቢ የነበረው ዥዋዥዌ ያጣው ጥቂት ሜትር ሰንሰለትና የአንድ ብየዳ ሥራ ነበር። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ሲሆን የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው፤ ስለዚህ ወረዳው ‹የማኅበሩ ነው› ይላል፤ ማኅበሩ በበኩሉ ከአባል የሚሰበስበው መዋጮ ለውኃ ፓምፕና ለጥበቃ እንኳ ስለማይበቃው ‹የመንግሥት ድጋፍ ያስፈልጋል› ይላል። በሁለቱ መካከል አሸዋው ኮንክሪት ይሆናል።

ጥገናው በጠፋበት ቦታ የሚገባው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ማከራየት ነው። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍበታል፤ በመረብ ይታጠራል፤ በሰዓት ይከራያል። ሣሩ ከጭቃው መሻሉ አያከራክርም፤ ኪራዩም ጠባቂና መብራት ያስገኛል። ነገር ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሜዳውን የሚከራዩት ከሥራ የሚወጡ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ፣ ቀድሞ የሜዳው ባለቤት የነበሩት ልጆች ከመረቡ ውጭ ቆመው ሲያዩ ያመሻሉ። ኪራይ ካስፈለገ እንኳ ቢያንስ ከትምህርት ቤት መልስ ያሉት ሁለት ሰዓታትና የቅዳሜ ጠዋት ለሰፈር ልጆች በነፃ ተለይተው በውሉ ላይ መጻፍ አለባቸው፤ በቃል የተገባ ነገር ተከራይ ሲለወጥ ይረሳል።

ማን ይጠብቀዋል የሚለውን ጥያቄ በተመለከተ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም በፊት ያሉትን ማየት ይሻላል። እድር መዝገብ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወንበርና ድንኳን የሚያስቀምጥበት ቤትም አለው፤ ከሁሉ በላይ ነዋሪው ያምነዋል። አንዳንዶች እድር በሜዳው ላይ ድንኳን ስለሚጥል ከልጆች ጋር ይጋጫል ይላሉ፤ እኔ ግን ግጭቱ አይታየኝም። ድንኳን በሦስት ቀን ይነቀላል፤ ልጆቹም ሰፈራቸው ሐዘን ላይ ሲሆን ጨዋታ ማቆምን የሚማሩት እዚያው ነው። ሜዳን የሚያጠፋው ከነገ ወዲያ ሲነሣ የማይታየው ነገር ነው።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት በግልጽ ያውቃል። መብቱ ወደ መሬት የሚወርድበት አንድ የተመቸ አጋጣሚም እየቀረበ ነው። በሥራ ላይ ያለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የአሥር ዓመት ዘመን በ2019 ዓ.ም. ይጠናቀቃል። ቀጣዩ ፕላን ከመነደፉ በፊት በ11ዱ ክፍለ ከተሞች ያሉ ወረዳዎች ልጆች አሁን በተግባር የሚጫወቱባቸውን ቦታዎች፣ ስፋታቸው ምንም ያህል ቢያንስ፣ ቆጥረው ቢመዘግቡ ሥራው የባለሙያ ብዛት አይጠይቅም። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር የሰፈሩን ንድፍ በደብተር ላይ አሥሎ ‹የት ትጫወታላችሁ? በየት በኩልስ መሄድ ያስፈራችኋል?› ብሎ ቢጠይቅ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢሮ ውስጥ በወር የማይገኝ መረጃ ያገኛል። የተመዘገቡት ቦታዎች የይዞታ ካርታ በሕዝብ መጫወቻነት ይውጣላቸው፤ አገልግሎታቸውን መለወጥ ካስፈለገም በዚያው የመላላኪያ ርቀት ውስጥ ምትክ ሳይሰጥ አይፈቀድ። በተለይ ከመሃል ከተማ የተነሡ ነዋሪዎች በሚሰፍሩባቸው አዳዲስ አካባቢዎች መጫወቻው ከሕንፃዎቹ ጋር አብሮ ተሠርቶ መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ ቀድሞ የነበራቸውን ግቢና የሚያውቃቸውን ጎረቤት ትተው የመጡ ልጆች አዲስ ጓደኛ የሚያገኙበት ሌላ ስፍራ የላቸውምና። ስብሰባውም ከማክሰኞ ጠዋት ወደ እሑድ ከሰዓት ይዛወር፤ ካርታው በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ከሚበራ ይልቅ በሜዳው ላይ በወረቀት ተዘርግቶ ይታይ።

በ2011 ዓ.ም. ‹መንገድ ለሰው› በሚል መኪና የማይገባበት እሑድ በአዲስ አበባ ሲጀመር፣ አስፋልቱ በተዘጋ ጊዜ መንገዱን ቀድመው የሞሉት ልጆች ነበሩ። ኳስ ይዘው ወጡ፤ ጎማ ነዱ፤ ብስክሌት ተከራዩ። ማንም ሸርተቴ አልተከለላቸውም፤ የተሰጣቸው ስፍራና ከመኪና ነፃ የሆነ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ይህንኑ በወር አንድ ጊዜ በዋና ጎዳና ከማድረግ በተጨማሪ፣ መተላለፊያ ባልሆኑ የውስጥ መንገዶች ላይ በየሳምንቱ ማድረግ የወረዳ አስተዳደርና የነዋሪ ስምምነት እንጂ ግንባታ አይፈልግም፤ ሜዳ ጨርሶ ለሌላቸው የቆዩ ሰፈሮች ይህ ምናልባት ብቸኛው አማራጭ ነው።

በእኛ ግቢ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ጥቂት ወላጆች ተነጋግረን ለማኅበሩ አመልክተን የመንደሩን ሳይት ፕላን ቅጂ አስጠየቅን። ለማግኘት ሦስት ወር ያህል ተመላለስን። በመጨረሻ የመጣው ወረቀት ላይ በአራቱ ሕንፃዎች መካከል ያለው ቦታ በአረንጓዴ ተቀብቶ ‹የሕፃናት መጫወቻ› የሚል ተጽፎበታል። ወረቀቱን በላስቲክ አሽገን በጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ በጠቅላላ ጉባኤውም ላይ ሰው እየተነሣ ሄዶ አነበበው። ከሦስተኛ ፎቅ ይጮህ የነበረው ጎረቤቴ መኪናውን ከበሩ አጠገብ ወዳለው ጥግ ለማዛወር ከተስማሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። እስካሁን የተለቀቀው የሁለት መኪና ቦታ ነው፤ ሰንሰለቱም ተገዝቶ ብየዳውን እየጠበቀ ነው።